ጥርስ አለው፣ ድምፅ የለውም

«ድምፁ ደህና ነው» አለኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባሱን ጋራዣችን በር ላይ ያቆመ ሹፌር። ሞተሩን አላጠፋም። «እስቲ ስማው ጋሼ፣ ሰዓት አይመስልም?»

«ሰዓትም የሚቆመው ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ነው» አልኩት።

አንገቴን በመስኮት አስገብቼ ዳሽቦርዱን አየሁ። መኪናው ሃይኤስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል፣ ናፍጣ። እነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች አንዲት ደግ መብራት አለቻቸው፤ «ቲ-ቤልት» የሚል ተጽፎባታል። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራና «ቺንጋው ይቀየር» ትላለች። የዚህ ሰው መኪና መቶ ሺውን ካለፈ በኋላ 38,000 ጨምሯል፤ መብራቷ ግን ጭልም ብላለች።

«መብራቷስ?»

«ዓይኔን ስታደክመኝ አምፖሏን ነቀልኳት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተሃል። ያንተ ውሻ ጅቡ ሳይመጣ ጮኸልህ፤ አንተ ውሻውን ገደልከው።»

ረዳቱ ከኋላ ሳቀ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔም በልቤ «አንድ ዳነ» አልኩ፤ ምክንያቱም የጠፋ ሞተር ቺንጋ አይበጥስም።

ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ያልሰማሁት ሰበብ የለም። ሃያ ዓመት እጄ ከናፍጣና ከግሪስ አልወጣም፤ ሰበቡ በየወሩ አዲስ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ዛሬ ለሁሉም መልሴን ላውጣ። ከመልሱ በፊት ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ መኪና ኖሮት ቺንጋውን አይቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ በሽፋን ውስጥ ነውና የሚኖረው።

ሞተር ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ። የታችኛው ክራንክሻፍት ከፒስቶኖቹ ጋር የታሰረ ነው፤ የላይኛው ካምሻፍት ቫልቮቹን ይከፍታል። ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት፤ ስለዚህ የላይኛው ፑሊ ጥርስ ከታችኛው እጥፍ ነው። ሁለቱን የሚያስማማቸው ያ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው፤ በሆዱ የመስታወት ክር ተዘርግቷል፣ ጥርሶቹ ናይለን ጨርቅ ለብሰዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ መንገድ ለቆ መገኘት አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ክራንኩ ግን በያዘው ኃይል መዞሩን ይቀጥላል። ከፍቶ የቆመ ቫልቭና ሽቅብ የሚመጣ ፒስቶን ይላተማሉ። ቫልቭ ይታጠፋል፣ አንዳንዴ ካምሻፍቱም ይሰበራል፣ የሞተሩ ክዳን ቴስታታ ይወርዳል።

«የጎረቤቴ ኮሮላ ቺንጋዋ ተበጥሶ ሌላ አስገብቶ ሄደ፤ ምንም አልሆነችም» ይለኛል አንዱ።

«ጎረቤትህ ከአልጋ ወድቆ ተነሳ፤ አንተ ከፎቅ ልትወድቅ ነው?»

እውነቱን ነው፣ ጎረቤቱ አልዋሸውም። ቆየት ያለችው ኮሮላ 4ኤ የቤንዚን ሞተር ካላት፣ ፒስቶኑና ቫልቩ ብዙውን ጊዜ አይነካኩም፤ መሐላቸው ቦታ ተትቶላቸዋል። ናፍጣ ግን ሌላ ነው። 3ኤልና 5ኤል አየሩን 22 እጥፍ ያህል ያጨቁታል፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ይህ መታጨቅ ነው። ይህን ያህል ለማጨቅ ፒስቶኑ ቴስታታውን ሊስም ምንም አይቀረው። እዚያ መሐል የተከፈተ ቫልቭ ከተገኘ ማምለጫ የለውም።

አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ደግሞ ቺንጋውን በእጃቸው ገልበጥ አድርገው አይተው «ልጄ፣ ጎማ ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል? የጀርመን ሞተር ብረት በብረት ነበር» አሉኝ።

«አባባ፣ ጎማውን በፋብሪካ መኪና ውስጥ ቀድመው የከተቱትም ጀርመኖች ናቸው።»

በፈረንጆች 1962 ነው፤ ባቫሪያ ውስጥ ዲንጎልፊንግ በምትባል ከተማ ግላስ የሚባል ፋብሪካ 1004 የተባለችውን መኪናውን በጥርሳም የጎማ ቺንጋ አወጣት። በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ቺንጋው ራሱ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ኬዝ የሚባል ሰው ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ብሎ የሠራው ነው። መርፌዋ ስትወርድ የታችኛው ክር በሰዓቱ ካልደረሰላት ስፌት የለምና።

ይህን ሳጫውታቸው አዛውንቱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «እንዲህ በለኛ! ሲንጀሩ ስፌት ሲዘል የሚተረተረው ጨርቅ ነው። የዚህ ሲዘል የሚተረተረው የኔ ኪስ ነው።»

እኔ ከዚያ የተሻለ አልተናገርኩም። ቀየሩት።

«አምና እኮ ነው የገዛሁት» ይላል ሌላው፤ ከባሕረ ሰላጤው በኩል የገባ ፒክአፕ ይዞ።

«አንተ አምና ገዛኸው እንጂ እሱ አምና አልተወለደም።»

«ኪሎ ሜትሩ ግን 60,000 ነው የሚለው።»

«በሬ ስትገዛ ባለቤቱ የነገረህን ዕድሜ ትተህ ከንፈሩን ገልጠህ ጥርሱን ትቆጥራለህ። መኪና ላይ ሲደርስ ለምን ሻጩን አመንክ?»

ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴም መካኒክም የለም። የአገልግሎት ደብተር የሌለው ያገለገለ መኪና ከገዛህ ቺንጋው በዚያው ሳምንት ይቀየር። ሻጩን መጠርጠር አይደለም፤ ቺንጋው መቼ እንደገባ የሚመሰክርልህ ሰው ስለሌለ ነው።

«አልነዳሁትም፤ ሰባት ዓመት ግቢ ነው የቆመው» ላለችኝ እህት ደግሞ መልሴ ከማዕድ ቤት ነው፦ «እንጀራስ ሳይበላ አይደርቅም?» ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፤ በዓመትም ያረጃል፣ በሙቀትም ያረጃል። የሞተር ዘይት ከነካው ያብጣል፣ ጥርሱ ይለሰልሳል። ለዚህ ነው ሽፋኑ ሲከፈት ከፑሊዎቹ ጀርባ ያሉት ኦይል ሲሎች አብረው የሚታዩት፤ ዘይት የሚያላብ ካለ እሱ ሳይቀየር አዲስ ቺንጋ ማስገባት ብር መቅበር ነው።

«ቺንጋውን ብቻ ቀይርልኝ፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታ ይቆይ።»

«በበሰበሰ ካስማ ላይ አዲስ ገመድ ታስራለህ?»

«ከተፈታ ሞተር ላይ የወጣ ኦሪጅናል ቺንጋ አግኝቻለሁ።»

«የሰው የጥርስ ብሩሽ ኦሪጅናል ቢሆን አፍህ ታስገባዋለህ?»

እዚህ ላይ ልቆጣ። ሶማሌ ተራ ሄዶ በር፣ መብራት፣ መስታወት፣ ሞተሪኖ ሳይቀር ያገለገለ መግዛት ያለ ነው፤ እኔም እገዛለሁ። ያገለገለ ታይሚንግ ቺንጋ ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ምን ያህል እንደሄደ በዓይን አይታወቅም፤ ክሩ ከውስጥ ተበልቶ ላዩ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ። አንዴ የታጠፈ፣ የተጠመዘዘ፣ ኪስ ውስጥ የተጠቀለለ ቺንጋም ያው ነው፤ ያ የመስታወት ክር ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ አይታይም። አዲሱንም ቢሆን ሻጩ እንደ ሱሪ ቀበቶ ጠምዝዞ ካሳየህ ሌላ ይስጥህ በል።

«የኔ ቪትዝ ናት፣ ሰንሰለት ነው ያላት» የምትል ደንበኛም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቪትዝ ሰንሰለት ናት። «እንግዲያው ዘይትሽን በሰዓቱ ቀይሪ» አልኳት፤ «ሰንሰለት የሚኖረው በዘይት ነው። ደግነቱ ሲላላ ጠዋት ስታስነሺው ይንኮሻኮሻል፣ ይነግርሻል። ቺንጋ ግን ጥርስ እያለው አይናገርም።»

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ባለፈው፣ «ጋሼ፣ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ ቺንጋ ያለፈበት ወሬ ሆኗል» አለኝ።

«ኤሌክትሪኩ ቺንጋ የለውም። ያንተ ኤሌክትሪክ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ወሬው ያለፈበት ለጎረቤትህ ነው።»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ በእጅ ያለ ሞተር ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ልጆች ያሳደገበትን፣ ደሞዝ የቆረጠበትን መኪና አንድ የጎማ ቀበቶ ሳይቀይርለት የሚገድል ሰው ሳይ ያመኛል።

የሚያመኝ በሌላም ምክንያት ነው፤ እሱን ልንገራችሁ። የዛሬ 11 ዓመት ደጀን ለቅሶ ለመድረስ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ከአዲስ አበባ ወጣን። ከመነሳታችን በፊት ሹፌሩ «ቺንጋው ቀኑ አልፏል፤ ይደርሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። «ተመልሰን እንቀይረዋለን» ያልኩትም እኔ ነኝ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የአባይን በረሃ ቁልቁል ስንጀምር አንዲት «ጠቅ» ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥታ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሪሲዮን ረገጠ። ሞተሩ ቆመ፤ ፍሬኑን የሚያቀልለው ቫኪዩምም አብሮት ቆመ። መጀመሪያ ሲረግጥ ያዘለት። ሁለተኛው ጠነከረበት። በሦስተኛው ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። መሪው ከበደው። ቀኛችን ገደል ነው፣ ግራችን ተራራ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በሁለት እጁ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ፣ የመኪናውን ጎን ከተራራው ጋር እያፋጨ ቦይ ውስጥ ከተተን።

ማንም አልሞተም። ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ተቀመጥን፤ የሚያለቅስ አለ፣ የሚያማትብ አለ። አንዲት ጋቢ የለበሱ እናት ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው «ልጄ፣ ምን ነካው?» አሉኝ።

«ቺንጋ ተበጥሶ ነው እማማ። በውስጡ ያለች ቀበቶ ናት።»

«ይህን ሁሉ ነፍስ በቀበቶ ነው እንዴ የያዛችሁት?»

ለማንም ሰበብ መልስ የማላጣው እኔ ለእሳቸው መልስ አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ «ይደርሳል ወይ?» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ቃል አንድ ነው፦ ቁልፉን አምጣ።

ወደ ማክሰኞው ሚኒባስ ልመለስ።

«ከሰዓት ሥራ አለብኝ፣ ቶሎ በል» አለኝ ሹፌሩ፤ የቀን ገቢ የሚጠብቅ ባለቤት አለበት፣ እረዳዋለሁ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷስ ያፈሰሰችው ጤፍ ነው፣ ይለቀማል። የታጠፈ ቫልቭ ግን አይለቀምም።»

ሃይኤስ ላይ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ተነሳ፣ ባትሪው ተነቀለ፣ ራዲያተሩና ፋኑ ወጡ፣ የክራንኩ ፑሊ ወጣ፣ ሽፋኑ ተከፈተ። ቺንጋው ሲወጣ ለሹፌሩ አሳየሁት። ከጀርባው ወደ ውጭ ቀስ አድርጌ ቀለበስ ሳደርገው ጥርሶቹ ሥር ሥራቸውን የተሰነጠቁ ነበሩ፤ በአንድ ቦታ ሦስት ጥርሶች ግማሽ ድረስ ተልጠዋል።

«የሽማግሌ ጥርስ መሰለ» አለ ረዳቱ።

«ሽማግሌስ በድዱ ይበላል፤ ይኼ ድድ የለውም።»

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣች ልጅ አብራኝ አለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ቁልፉን ለእሷ ሰጠኋት፤ እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ። በዚህ ሞተር ላይ የሚገጣጠሙ ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱና የናፍጣ ፓምፑ። አንደኛው ፒስቶን ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ በሦስቱም ፑሊዎች ላይ ያለው ጭረት በየፊቱ ካለው ምልክት ጋር ትይዩ መቆም አለበት። ጭረቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በናፍጣና በአቧራ ተሸፍነዋል። በጨርቅ ጠረገቻቸው፣ ነጭ ቀለም ነጠብ ነጠብ አደረገችባቸው። አንዳንድ ጋራዥ በአሮጌው ቺንጋ ላይ ምልክት ቀብቶ ወደ አዲሱ ይገለብጣል፤ ያግዛል፣ ግን ከፊቱ የገጠመው ሰው ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱን ቀድቶ ማስቀጠል ነው። ፋብሪካው የጫረውን ምልክት ማየትን የመሰለ የለም።

አዲሱን ቺንጋ ስትገጥመው ከመወጠሪያው ማዶ ያለው ወገን ልል እንዳይሆን ጠበቅ አድርጋ ይዛ አዞረችው፤ ትርፉ ሁሉ በመወጠሪያው በኩል እንዲጠራቀም። ከዚያ የመወጠሪያውን ቡሎን ላላ አደረገች፤ ስፕሪንጉ ራሱ ሳበው።

«አለቀ፣ አስነሳው» አለ ሹፌሩ፣ ቁልፉን ይዞ።

«ቁልፉን ኪስህ ክተት። በቁልፍ የሚነሳ ሞተር ስሕተቱን የሚነግርህ ከሰበረ በኋላ ነው። በእጅ የሚዞር ሞተር ስሕተት ካለበት እጅ ላይ ይቆማል።»

ልጅቷ ረጅም እጀታ ያለውን ቁልፍ ክራንኩ ቡሎን ላይ አግብታ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ቀስ እያለች አዞረች። ሁለት የሆነበት ምክንያት ቀደም ብዬ የተናገርኩት ነው፤ ክራንኩ ሁለት ሲዞር ካምሻፍቱና ፓምፑ አንድ ዙር ጨርሰው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በመሐል ቁልፉ አልሄድ ካለ በጉልበት አይገፋም፤ ብረት ብረት ነክቷል ማለት ነው። አልቆመባትም። ምልክቶቹን በየተራ አበራሁላት። የክራንኩ ልክ ነው። የካምሻፍቱ ልክ ነው።

ቀና ሳትል «ጋሼ፣ የፓምፑ አንድ ጥርስ ሄዷል» አለች።

አየሁ። ሄዷል። ቺንጋውን ስታለብሰው ከፓምፑ ላይ ትንሽ ልል ቀርቶ ኖሯል።

«አንድ ጥርስ ምን አላት!» አለ ሹፌሩ፤ ሰዓቱን እያየ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ፦ «ሙሽራው በሰርጉ ማግስት ቢመጣ ምን አለበት?»

ረዳቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ ሒሳቡን ጨመርኩለት፤ የክራንኩ ፑሊ 24 ጥርስ አለው ብንል፣ አንድ ጥርስ ማለት 15 ዲግሪ ነው። ናፍጣው 15 ዲግሪ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ተረጨ ማለት ነው፤ ይንኳኳል ወይም ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ናፍጣ ይበላል። ሰውየው ስድስት ወር ሙሉ ፓምፕ ሲያስጠግን፣ ኖዝል ሲያስቀይር ይኖራል፤ በሽታው ግን ይቺው ጥርስ ናት። ካምሻፍቱ ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ ቢሆን ደግሞ ወደ ቫልቩ እንመለስ ነበር።

ቺንጋው እንደገና ወጣ። ሦስቱም ምልክት እንደገና ቆመ። ልጅቷ በዚህኛው ጊዜ ፓምፑ ጋ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው። ሁለት ዙር ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሦስቱም ነጫጭ ነጠብጣቦች በየቦታቸው ተገናኙ። ራሷን አላመነችም፤ ሌላ ሁለት ዙር ጨመረች። እንደዚያው። የመወጠሪያው ቡሎን በልኩ ጠበቀ።

ሽፋኑና ራዲያተሩ እስኪመለሱ አሥር ሰዓት ሆነ። ሹፌሩ የከሰዓቱን ሥራ አጥቷል፤ አልተቆጣም። ሞተሩን አስነሳው። ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ሰማው። እኔ የዕለቱን ቀንና የቆጣሪውን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ የቺንጋው ሽፋን ላይ ለጠፍኩ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ እንዳይገምት።

«መብራቷን ከዜሮ እናስጀምራት» አልኩት። «ግን አምፖል የላትም፤ ነገ ገዝተህ ና።»

ሹፌሩ የጸሐይ መከላከያውን ወደ ታች ሳበ። ከኋላው የፍቃዱ ወረቀት፣ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል፣ የታጠፈች የሎተሪ ትኬት አለች። ከትኬቷ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ያቺን ትንሽ አምፖል አወጣት፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋትና ለልጅቷ ሰጣት።